በግዕና በግ፣ ሐጋይና በጋ፦ የእረኝነት ጥንታዊ ቃላት በአዋሽ ሸለቆ

መግቢያ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በሚዘልቀው ቆላማ ምድር በግ የሚያረባው በዋናነት አርብቶ አደሩ የአፋር ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ በጉ ለገበያ ሲቀርብ፣ በክትባት መዝገብ ሲሰፍር ወይም በድርቅ ዘገባ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ የሚጠራው በአማርኛ ነው። የአማርኛ የእረኝነት ቃላት ግን በደጋ የበቀሉ ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ የቃላቱን ጥንታዊ መነሻ ከመረመረ በኋላ ወደ ቆላ ሲወርዱ የትኞቹ እንደሚያገለግሉና የትኞቹ እንደሚያሳስቱ ያመለክታል።

የግእዝ ቅርስ

«በግ» የግእዙ «በግዕ» ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲያጣ የመጨረሻው «ዕ» ወደቀ፤ «አባግዕ» የተባለው የውስጥ ብዙ ቁጥርም በ«በጎች» ተተካ። «እረኛ»ም እንዲሁ «ጠበቀ፣ አሰማራ» የሚል ፍቺ ካለው «ረዐየ» ጋር ይዛመዳል። የመንጋ ስም የሆነው «መርዔት» ከዚሁ ሥር የተገኘ ሲሆን፣ የዐረብኛው «ራዒ» እና የዕብራይስጡ «ሮዔ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሌላው የግእዝ ቃል «ኖላዊ» ከሜዳ ወጥቶ ወደ ቤተ መቅደስ ገብቷል፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚሰማው ከልደት በፊት ባለው እሑድ ስያሜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ይጠቅማል። የእንግሊዝኛው «ሼፐርድ» በግንባታው «በግ ጠባቂ» ማለት ነው፤ የእኛው «እረኛ» ግን የላም፣ የፍየልና የበግ ጠባቂን በአንድነት ይጠራል። ስለሆነም አማርኛ ዝርዝሩን የሚያኖረው በጠባቂው ሳይሆን በእንስሳው ስም ላይ ነው።

የዕድሜና የፆታ ስሞች

አዲስ የተወለደው «ግልገል»፣ ወጣቱ ተባዕት «ጠቦት»፣ ያልወለደችው ወጣት ሴት «ቄብ»፣ ለዘር የተተወው «አውራ»፣ ተኮላሽቶ የደለበው «ሙክት» ይባላል። እንዲህ ያሉ ስሞች በጊዜ ብዛት ይንሸራተታሉ። የተኮላሸ በግን የሚያመለክተው ጥንታዊው የእንግሊዝኛ ቃል «ዌዘር» መነሻው «የዓመት ልጅ» የሚል ነበር ተብሎ ይታመናል፤ የዕድሜ ስም የነበረው የመኮላሸት ስም ሆነ ማለት ነው።

እነዚህ ቃላት ወደ ቆላ ሲወርዱ ብዙም አይቸገሩም። «ላት»ም ለአፋር በግ በሚገባ ይስማማል። ነገር ግን «ሸለት» የሚለው ቃል ባና ከሚሠራበት ከመንዝ በግ ጋር የተቆራኘ ነው። የአፋር በግ አጭር ጠጉር እንጂ ተሸልቶ የሚፈተል ሱፍ ስለሌለው ቃሉ የሚጠራው ነገር ያጣል።

ሐጋይና በጋ

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የወቅት ስም ነው። የአፋር አርብቶ አደር ዓመቱን በካርማ፣ በጊላል፣ በዳዳ፣ በሱጉምና በሐጋይ ይከፍላል። ካርማ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው፤ ጊላል ቀዝቃዛውና ደረቁ ጊዜ ሲሆን ዳዳ በመካከሉ የሚጥለው አጭር ካፊያ ነው። ሱጉም በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጠበቀው ዝናብ ነው። ሐጋይ ደግሞ ከካርማ በፊት በግንቦትና በሰኔ የሚነግሠው ብርቱ ሐሩር ነው።

ግእዝም «ሐጋይ» የሚል ቃል አለው፤ ፍቺውም በጋ ነው። የአማርኛው «በጋ» ራሱ «በሐጋይ» ከሚለው እንደተገኘ የሚያስረዱ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። እንግዲህ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ሳሉ የሚያመለክቱት ወራት ይለያያል፤ የደገኛው በጋ በታኅሣሥና በጥር ሲሆን የአፋሩ ሐጋይ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። አርብቶ አደሩ «በሐጋይ የተወለደ ግልገል» ሲል መዝጋቢው «በበጋ የተወለደ» ብሎ ቢጽፍ፣ የግልገሉ ዕድሜ በአምስት ወር ያህል ይዛባል።

የጉዳዩ ክብደት

ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኖ ጋር ተያይዞ የደረሰው ድርቅ በአፋር ብዙ እንስሳትን ፈጅቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «አሥር በግ ሞተ» የሚል ዘገባ የጉዳቱን መጠን እንጂ ዓይነቱን አይነግርም። አሥር ሙክት ያጣ ቤተሰብ የገበያ ገቢውን አጣ፤ አሥር እናት በግና ቄብ ያጣ ግን የመጪዎቹን ዓመታት መንጋና ወተት አጣ። «በግ» የሚለው አንድ ቃል ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል።

ማጠቃለያ

በሸለቆው የሚገኙ የእንስሳት ጤናና የድርቅ መዝገቦች ቢያንስ ግልገልን፣ ቄብን፣ እናትን፣ አውራንና ሙክትን ለይተው ቢይዙ፣ የወቅት ስሞችንም ሳይተረጉሙ በአፋርኛ ቢያሰፍሩ መልካም ነው። አፋሮች ሲገናኙ በዳጉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽና ስለ እንስሳት ደኅንነት ወሬ የሚለዋወጡት በእነዚሁ ቃላት ነው። የአፋርኛው የእረኝነት መዝገበ ቃላት ከባለቤቶቹ አንደበት ተሰብስቦ ከአማርኛውና ከግእዙ ጎን ቢቀመጥ፣ ለቋንቋ ተመራማሪው የታሪክ ምስክር፣ ለእንስሳት ሐኪሙም የሥራ መሣሪያ ይሆናል።