ባሕር ዛፍና የዘገየው ሒሳብ

ከአስኮ ተነሥቶ በቡራዩና በሆለታ በኩል ወደ አምቦ የሚዘልቀው መንገድ በአንድ ወቅት የአገሪቱን ዋና ከተማ ይዞ ሊሄድ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አካባቢው ተራቆተ። ከዚህም የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚሁ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ በሚገኘው አዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋ ሳትነሣ የቀረችባቸው ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም፣ ከዋነኞቹ አንዱ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ፣ ወደ አገራችን የገባው የአውስትራሊያ ተወላጅ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ባሕር ዛፍ ተባለ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ዛፉ ባለውለታ በሆነ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ግን ተከሳሽ ሆኖ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1913 ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል በሚል ከባሕር ዛፎች ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙን የፈጸመው ሰው ጥቂት ነው፤ ማገዶ የሚፈልግ ምድጃ አዋጅ አይሰማምና። ክሱ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ባሕር ዛፍን የሚወድም የሚጠላም ወገን ብዙ በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሁለቱም ስሜት አውጥተን በፊዚክስ ዓይን ለማየት እንሞክራለን።

ዛፉ ስንት ይጠጣል?

አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ከቅጠል ላይ እንዲተን 2.45 ሜጋጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል። የዚህ ኃይል ዋና ምንጭ ፀሐይ ናት። መሬትና ቅጠል መልሰው ወደ ሰማይ የሚልኩት ጨረር ተቀንሶ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 10 ሜጋጁል ይቀራል ብለን ለስሌታችን ብንወስድ፣ ይህ ኃይል ሊያተን የሚችለው 4 ሊትር ያህል ውኃ ነው። ደረቅና ሞቃት ነፋስ ጥቂት ሊጨምርበት ይችላል። ከዚያ በተረፈ ባሕር ዛፍም ሆነ ጥድ፣ ሣርም ሆነ ስንዴ ይህን ጣሪያ ብዙ አልፎ ሊጠጣ አይችልም። ስለሆነም «አንድ ባሕር ዛፍ በቀን ይህን ያህል መቶ ሊትር ይጠጣል» እየተባለ በየስብሰባው የሚጠቀሰው ቁጥር፣ ዛፉ የያዘው የቦታ ስፋት ካልተነገረ ትርጉም የለውም።

ታዲያ ክሱ ሐሰት ነውን? አይደለም። ልዩነቱ ያለው በቀን በሚጠጣው መጠን ሳይሆን በሚጠጣበት ወቅት ነው። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1200 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው የሚዘንበው በክረምቱ ወራት ነው። በተራራ ላይ ያለ ሣር ኅዳር ሲገባ ይደርቃል፤ ሥሩም አጭር ስለሆነ ከዚያ በኋላ መጠጣቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ባሕር ዛፍ ግን ቅጠሉን እንደ ያዘ በጋውን ይሻገራል፤ ጠልቆ በሚሄድ ሥሩም ክረምት ያጠራቀመውን ውኃ ይስባል። ከላይ ካገኘነው ጣሪያ ግማሹን ብቻ፣ ማለትም በቀን 2 ሊትር በካሬ ሜትር፣ ለ120 የበጋ ቀናት ቢወስድ ድምሩ 240 ሊትር ይሆናል። ይህ ከዓመቱ ዝናብ አንድ አምስተኛ ነው። በአንድ ሄክታር ሲሰላ 2400 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በበጋ የሚፈስ ምንጭ ደግሞ የሚኖረው ከዚሁ ተቀማጭ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጠጣ መረዳትም አይከብድም። ተክል ለማደግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅጠሉ ቀዳዳዎች ያስገባል፤ ውኃውም የሚወጣው በዚያው በር ነው። በሩን ከፍቶ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውኃ ያጣል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የተፈለገው ደግሞ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነበር። እንግዲህ የጠቀመን ጠባይና የጎዳን ጠባይ ሁለት አይደሉም፤ አንዱ ጠባይ ነው። ጥቅሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለዓይን ታየ፤ ወጪው ግን ችግኙ አድጎ ሥሩ እስኪጠልቅ ድረስ ተደብቆ ቆየ።

ጠብታው ለምን አይሰርግም?

ሁለተኛው ክስ ባሕር ዛፍ በሸፈነው ተዳፋት ላይ ጎርፍ ይበረታል የሚለው ነው። ዘይት ያለው ቅጠል በአፈሩ ላይ ሲበሰብስ የአፈሩን ቅንጣቶች ሰም መሰል ነገር ሊቀባቸው ይችላል። ውኃ የሚወድ አፈር ጠብታን ይስባል፤ የቅንጣቶቹ ክፍተት ራዲየስ 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ይህ የመሳብ ግፊት 29 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ውኃ ሊሸከም ይበቃል። አፈሩ ሰም ተቀብቶ ጠብታው ከቅንጣቱ ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን 110 ዲግሪ ሲደርስ ግን ምልክቱ ይገለበጣል፤ መሳቡ መግፋት ይሆናል። በዚህን ጊዜ ውኃው እንዲሰርግ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ በላዩ መቆም ይኖርበታል። ከአስኮ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ይህን ያህል ውኃ ቆሞ አይጠብቅም፤ ይወርዳል። ይህ ጠባይ የሚበረታው አፈሩ ክው ብሎ በደረቀበት፣ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጊዜ ነው። አፈሩ ከራሰ በኋላ ይለዝባል።

እዚህ ላይ ግን ዛፉን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የረገፈው ቅጠል ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ ቢቀር የዝናቡን ጉልበት ይሰብር ነበር። ነገር ግን ቅጠሉ አይቀርም፤ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች እየተጠረገ፣ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ወደ ከተማ ሲወርድና ከምጣድ ሥር ሲነድ ኖሯል። ለባሕር ዛፍ ከሚሰጠው የአፈር መሸርሸር ጥፋት ከፊሉ የዚህ ጠረጋ ውጤት ነው። ጠረጋው ደግሞ የድህነት ውጤት ነው።

የአፋሩ ዛፍ

ተመሳሳይ ታሪክ፣ በከፋ መልኩ፣ በአፋር ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች አካባቢ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ፕሮሶፒስ የተባለ የአሜሪካ ዛፍ ተተከለ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል። የተመረጠው ድርቅ ስለሚችልና ቅጠሉን ከብት ስለማይበላው ነበር። ፍሬውን ግን ከብት አጥብቆ ይወደዋል። ጠንካራው ዘር በከብቱ ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ አልፎ፣ በፋንድያ ላይ ማዳበሪያውን ይዞ ይበቅላል፤ ከብቱ በሄደበት ሁሉ ዛፉም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ በአፋር ክልል የወረረው መሬት 1.17 ሚሊዮን ሄክታር መድረሱ በሳተላይት ምስል በተደገፈ ጥናት ታውቋል። የተወረረው መሬት በአብዛኛው ለበጋ የሚቆየው የወንዝ ዳር ግጦሽ ነው።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሐሳብ «እየተጠቀምን እንቆጣጠረው» የሚል ሆነ፤ ማኅበራት ተደራጅተው ከዛፉ ከሰል እንዲያከስሉ ተፈቀደ። ነገር ግን ግንዱ ብቻ ተቆርጦ ከመሬት በታች ያለው የሚያቆጠቁጥ ክፍል ካልተነቀለ ዛፉ ብዙ ቅርንጫፍ ሆኖ ይመለሳል። በከሰል ጆንያ ውስጥ ደግሞ ፕሮሶፒስና አገር በቀል ግራር ተለይተው አይታወቁም። ወራሪውን ለመቀነስ የተከፈተው ገበያ ተወራሪውንም አብሮ ፈጀ።

ስለ ጅብ

መጤን ማምጣት ብቻ ሳይሆን ነባርን ማጥፋትም እንዲሁ ዘግይቶ የሚመጣ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1958 ቻይና እህል ይበላሉ ብላ በድንቢጦች ላይ ዘመተች፤ ድንቢጦቹ ሲያልቁ እነርሱ ይበሉት የነበረው ተባይ በዛ፤ በ1960 ድንቢጥ ከጠላት ዝርዝር ተሠርዛ በምትኳ ትኋን ገባ። በእኛ አገር በየከተማው ዳር እንዲጠፋ የሚጠየቀው ጅብ ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት የሚነሣ አይደለም፤ ጅብ ከብት ይበላል፤ በሜዳ የሚያድር ሰውንም ያጠቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሞተ እንስሳ ቅሪት እንደሚያስወግዱ አስልቷል። በጥናቱ ሞዴል መሠረት ይህ አገልግሎት በዓመት 5 ሰዎችንና 140 የቤት እንስሳትን ከአባሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ያድናል። የምንጠላው ጠባይ፣ የበሰበሰውን ሁሉ መብላቱ፣ የሚጠቅመን ጠባይ ነው። ጅብ ቢጠፋ ጥንቡ አብሮ አይጠፋም። ተረካቢው ባለቤት የሌለው ውሻ ይሆናል፤ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰው የሚያስተላልፍ ዋናው እንስሳ ነው።

ወደ ተራራው እንመለስ። በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ መካከል፣ ከአስኮ በላይ፣ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን በየተራ በአገር በቀል ዕፅዋት ሲተካ ቆይቷል። ሥራውን የምንደግፈው ቢሆንም ሁለት ነገሮች ሊታሰቡበት ይገባል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በብዙ ቀጫጭን ግንዶች የሚመለሰው ቁጥቋጦም ለጋ ስለሆነ ውኃ አይጠላም። ሁለተኛው፣ ከዚህ ተራራ ማገዶ የሚቀነስበት ምድጃ ሌላ ኃይል ካላገኘ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሌላ ተራራ ነው፤ በዚያው በአምቦ መንገድ ጥቂት ራቅ ብሎ የመናገሻ ጥድ ቆሟል።

ለተማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ እናቀርባለን። በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከባሕር ዛፍ ሥርና ከጥድ ሥር በየአንድ ጣሳ ደረቅ አፈር ይወሰድ። ቅጠሉ ተለቅሞ የአፈሩ ገጽ ይስተካከልና በጠብታ መጣያ ንጹሕ ውኃ ጠብ ይደረግበት። ጠብታው ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይሰርግ ከቆየ አፈሩ ውኃ ገፊ ይባላል። በአንድ ጣሳ ቢያንስ ሃያ ጠብታ ተሞክሮ አማካዩ ይመዝገብ፤ አፈሩ የተወሰደበት ቦታ ቅጠሉ የሚጠረግበት መሆን አለመሆኑም በማስታወሻው ላይ ይጻፍ።