ታይላንዳዊ የትዳር ጓደኛ ይዞ ታይላንድ ለመኖር፦ ከጋብቻ ምዝገባ እስከ ዓመቱ ማህተም

ታይላንዳዊት ወይም ታይላንዳዊ ያገባ የውጭ አገር ሰው በትዳሩ ብቻ የአገሪቱ ነዋሪ አይሆንም። ጋብቻው የሚሰጠው የማመልከት መብት ነው። ብዙዎች «የጋብቻ ቪዛ» ሲሉ አንድ ወረቀት ይመስላቸዋል፤ በተግባር ግን ሁለት ነው። አንደኛው ወደ አገሩ የሚያስገባው፣ ኖን ኢሚግራንት ኦ የሚባለው የ90 ቀን ቪዛ ነው፤ እሱን የሚሰጠው ኤምባሲ ነው። ሁለተኛው እዚያው ታይላንድ ውስጥ ፓስፖርት ላይ የሚመታው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ነው፤ እሱን የሚሰጠው በፖሊስ ሥር ያለው ኢሚግሬሽን ነው። ኤምባሲው ቪዛ ስለሰጠ ኢሚግሬሽኑ የማራዘም ግዴታ የለበትም። ሰው የሚሰናከለው ባብዛኛው ወረቀት አጥቶ ሳይሆን ቀን አሳስቶ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ ማወቅ ግማሹን ሥራ መጨረስ ነው።

ጋብቻውን ማስመዝገብ

በታይላንድ ሕግ ጋብቻ የሚባለው በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበው ነው። ወረዳው ባንኮክ ውስጥ ኬት፣ በክፍለ ሀገር አምፎ ይባላል። መነኮሳት ጸልየው፣ ሲን ሶት የሚሉት ጥሎሽ በእንግዶች ፊት ተቆጥሮ፣ ድግሱ ሦስት ቀን ቢቆይ እንኳ ያልተመዘገበ ጋብቻ ኢሚግሬሽን ፊት ዋጋ የለውም። የቤተ ክርስቲያን ተክሊልም እንደዚያው። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሆኗል።

ከውጭ አገሩ ሰው የሚፈለገው ዋና ሰነድ ያላገባ ማስረጃ ነው። አግብቶ የፈታ ከሆነ የፍቺው ውሳኔ ይጨመራል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ወገናችን ይህን ባንኮክ ካለው ኤምባሲው ያስወጣል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ወረቀቱን ከአገር ቤት ጨርሶ ቢነሳ ይሻለዋል። ማስረጃውን ከወረዳው የሲቪል ምዝገባ ያወጣል፣ ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉማል፣ ሰነዶች ማረጋገጫና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡለታል፣ በመጨረሻም ጉዳዩን የሚሸፍነው የታይላንድ ኤምባሲ ማህተሙን ያሳርፍበታል። ባንኮክ ሲደርስ ሰነዱ ወደ ታይኛ ይተረጎምና ቼንግ ዋታና መንገድ ላይ ባለው የታይላንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ጉዳዮች መምሪያ እንደገና ይረጋገጣል።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከቱ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ቀን ነው። ታይላንዶች የሚጽፉት በቡድሃ ዘመን ሲሆን ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። በእኛ ሚያዝያ 2017 የተሰጠ ማስረጃ በፈረንጆቹ 2025፣ በታይላንድ ደግሞ 2568 ላይ ይውላል። በአማርኛው ሰነድ ላይ ያለው ዓመት ሳይቀየር ወደ ታይኛ ከተሻገረ የልደት ቀንዎ ከፓስፖርቱ ጋር ይጣላል። ተርጓሚው የፈረንጁን ቀን ይዞ እንዲሠራ አዲስ አበባ ላይ ሳሉ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ታይላንዶች ግን እንደ ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ ስሙ በታይኛ ፊደል ይጻፋል፤ ሁለት ተርጓሚዎች ደግሞ «ጽጌረዳ»ን ወይም «ገብረ እግዚአብሔር»ን አንድ ዓይነት አድርገው ይጽፋሉ ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። በመጀመሪያው ትርጉም ላይ ስምዎ በታይኛ እንዴት እንደተጻፈ ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ለሚሠራልዎ ተርጓሚ፣ ለወረዳው ጸሐፊና ለባንኩ ያንኑ ያሳዩ። አንድ ፊደል ቢለይ «ይህ ሌላ ሰው ነው» የሚል የጠረጴዛ ሠራተኛ አይጠፋም።

በምዝገባው ቀን ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ታይኛ ካልቻሉ አስተርጓሚም ይዘው ይሂዱ። ባንግ ራክ የተባለው የባንኮክ ወረዳ የውጭ ዜጎችን ጋብቻ መመዝገብ የለመደ ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን ብቻ አይሂዱ፤ የከተማው ፍቅረኛ ሁሉ በዚያ ቀን እዚያ ይሰለፋል። ሲጨርሱ ሁለት ሰነድ ይሰጥዎታል፦ ኮ ሮ 3 የተባለው ያጌጠው የምስክር ወረቀትና ኮ ሮ 2 የተባለው የመዝገቡ ግልባጭ። ያጌጠውን ክፈፍ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ኢሚግሬሽን ግን በየዓመቱ አዲስ የወጣ ኮ ሮ 2 ይጠይቃል፤ ትዳሩ ዛሬም መጽናቱን የሚያሳየው እሱ ነውና።

ጋብቻው ኢትዮጵያ ውስጥ ወይም በሦስተኛ አገር ከተፈጸመ ሁለተኛ ጊዜ ማግባት አያስፈልግም። የጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ከላይ ባለው መንገድ ተረጋግጦና ተተርጉሞ ሲቀርብ ታይላንዳዊው የትዳር ጓደኛ በወረዳው ያስመዘግበዋል። የሚወጣው ሰነድ ኮ ሮ 22 ይባላል።

የ90 ቀኑ ቪዛ

ማመልከቻው ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በታይላንድ የኢ-ቪዛ ድረ ገጽ ይቀርባል። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ያሉ ከሚኖሩበት አገር ሆነው ማመልከት ይችላሉ፤ የዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ አብሮ ይጠየቃል። የጋብቻው ሰነድ፣ የትዳር ጓደኛዎ መታወቂያና ታቢያን ባን የሚባለው የቤት መዝገብ ግልባጭ፣ የገንዘብ አቅም ማሳያ ይያያዛሉ። ግልባጮቹን የትዳር ጓደኛዎ ይፈርምባቸው። አንዳንድ ኤምባሲዎች ለአንድ ዓመት ደጋግሞ የሚያስገባ ዓይነትም ይሰጣሉ፤ በእያንዳንዱ መግቢያ 90 ቀን ያስቆያል። ሥራቸው ከአገር አገር ለሚያመላልሳቸው ይህ ከዓመቱ ማራዘሚያ ይልቅ ይመቻል።

«በቱሪስት ገብቼ እዚያው እቀይራለሁ» የሚለውን ምክር ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አልመክርም። መቀየሩ በራሱ ሕጋዊ ነው፤ ክፍያውም 2,000 ባት ነው። ችግሩ ሲያመለክቱ በፓስፖርቱ ላይ ቢያንስ 15 ቀን መቅረት ያለበት መሆኑ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ቢሮዎችም አሉ። እኛ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የምናገኘው ቪዛ ደግሞ ጠቅላላው 15 ቀን ነው። ሻንጣ ሳይፈታ ጊዜው አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ቪዛውን ከውጭ ይዘው ይግቡ።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከሜይ 2025 ወዲህም ዲጂታል የመግቢያ ካርድ ከመድረስዎ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል። በነፃ ነው፤ የሚያስከፍል ገጽ ካገኙ የደላላ ነው። ሱቫርናቡሚ ላይ ማህተም ሲመታልዎት ከመስኮቱ ሳይርቁ የተጻፈውን ቀን ያንብቡ። 90 ቀን መሆን ያለበት 30 ተብሎ ቢጻፍ እዚያው ማስተካከል ቀላል ነው፤ በኋላ ግን ራስ ምታት ነው።

ገንዘቡ

የውጭ አገር ባል ዓመቱን ለማራዘም በታይላንድ ባንክ በራሱ ስም ብቻ በተከፈተ ሒሳብ 400,000 ባት ማሳየት፣ ወይም የወር ገቢው 40,000 ባት መሆኑን ማስረዳት አለበት። ከሚስት ጋር በጋራ የተከፈተ ሒሳብ አይያዝለትም። ታይላንዳዊ ላገባች የውጭ አገር ሴት ግን ደንቡ ይህን መጠን አይጠይቃትም፤ ይህን ሳያውቁ ገንዘብ ሲያፈላልጉ የሚከርሙ እህቶች አሉ።

400,000 ባቱ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሒሳቡ ውስጥ መቆየት አለበት። አሁን ቀኑን እንቁጠር። የተሰጠዎት 90 ቀን ነው። ቢሮው ማመልከቻ የሚቀበለው በተለምዶ በመጨረሻዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ነው። በ85ኛው ቀን ለማመልከት ገንዘቡ በ25ኛው ቀን ገብቶ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ሒሳቡ መከፈት አለበት፤ ለውጭ ዜጋ ሒሳብ መክፈት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይለያያል፤ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። የትዳር ጓደኛዎን ይዘው በመጀመሪያው ሳምንት ይሂዱ። ገንዘቡ ከውጭ የተላከበትን ደረሰኝም አይጣሉ።

በገቢ በኩል የሚሄዱ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ዜጎች አንድ ነገር ይወቁ። ኤምባሲዎቻቸው የገቢ ማረጋገጫ ደብዳቤ መስጠት አቁመዋል። በእሱ ፋንታ በየወሩ ቢያንስ 40,000 ባት ከውጭ መግባቱን የሚያሳይ የ12 ወር የባንክ መግለጫ ይቀርባል። ለመጀመሪያው ዓመት ይህ ስለማይደርስ አብዛኛው ሰው በተቀማጩ ይጀምራል።

«ገንዘቡን እኔ ለጥቂት ቀን አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ ይመጣል። ዋጋውም የሚያጓጓ ይሆናል። አይግቡበት። በሐሰት ሰነድ የተገኘ ፈቃድ ሲደረስበት የሚባረረው ደላላው ሳይሆን ባለ ፓስፖርቱ ነው።

ማመልከቻው

ባልና ሚስት አብረው ይቀርባሉ። ቲኤም 7 የተባለው ቅጽ፣ ፎቶግራፍ፣ የፓስፖርት ግልባጭ፣ የጋብቻ ሰነዶቹ፣ የትዳር ጓደኛ መታወቂያና የቤት መዝገብ፣ ልጅ ካለ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የባንክ ደብዳቤና በዚያው ቀን የታደሰ የባንክ ደብተር፣ ቤቱን የሚያሳይ ካርታ ያስፈልጋሉ። ክፍያው 1,900 ባት ነው።

ከዚህ ሌላ የቤት ፎቶ አለ። በሩ ላይ የቤቱ ቁጥር እየታየ፣ ሳሎን ውስጥ፣ አልፎም መኝታ ቤት ውስጥ ሁለቱም ያሉበት ፎቶ ይጠየቃል። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል፤ ነገር ግን የሚፈለገው አልጋው ጫፍ ላይ ልብስ ለብሶ መቀመጥ ብቻ ነው። ፖሊስ ቤት ድረስ ሊመጣም፣ ጎረቤት ሊጠይቅም ይችላል። ከጎረቤት ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ለዚህም ይጠቅማል።

መልሱ በዕለቱ አይሰጥም። «በመታየት ላይ» የሚል የ30 ቀን ማህተም ይመታል፤ በተባለው ቀን ተመልሰው ሲሄዱ የዓመቱ ቀሪ ይሞላል። ገንዘቡን እስከዚያ ቀን አይንኩት።

ከማህተሙ በኋላ

ባለ ቤቱ የውጭ ዜጋ ቤቱ ማረፉን በ24 ሰዓት ውስጥ በቲኤም 30 ያሳውቃል። ግዴታው የአከራዩ ቢሆንም ወረቀቱ ከሌለ ከመስኮቱ የሚመለሱት እርስዎ ነዎት፤ ቤት ሲከራዩ አስቀድመው ይነጋገሩበት። በየ90 ቀኑ አድራሻ ማሳወቅም አለ። ከቀኑ 15 ቀን በፊት እስከ 7 ቀን በኋላ ድረስ ይቻላል፤ ካለፈ 2,000 ባት ቅጣት ያመጣል። ከአገር ወጥተው ሲመለሱ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከታይላንድ ከመውጣትዎ በፊት ግን የመመለሻ ፈቃድ ይግዙ፤ ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው። ያለ እሱ አዲስ አበባ ለለቅሶ ሁለት ቀን ደርሰው ቢመለሱ እንኳ ዓመቱ ተሰርዞ ከ90 ቀኑ ቪዛ እንደገና ይጀምራሉ። ሰው ተደናግጦ ሲሄድ የሚረሳው ይህንን ስለሆነ፣ ማራዘሚያውን ባገኙበት ሰሞን የብዙ ጊዜውን ቢገዙ ይሻላል።

ከተፈቀደው ቀን ማለፍ በቀን 500፣ ቢበዛ 20,000 ባት ያስቀጣል፤ ከ90 ቀን በላይ ያለፈ ደግሞ በፈቃዱ ቢወጣም ለአንድ ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ፈቃዱ የመኖር እንጂ የመሥራት አይደለም፤ ለሥራ የተለየ የሥራ ፈቃድ ይወጣል። ትዳሩ በፍቺ ከፈረሰ የመኖሪያው ምክንያትም አብሮ ያበቃል፤ ከፍቺው በፊት ሌላ የቪዛ መንገድ ማሰብ ተገቢ ነው።

ሦስት ዓመት ሳይቋረጥ ያራዘመ ሰው ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት ይችላል፤ ኮታው ለእያንዳንዱ አገር ዜጎች በዓመት 100 ነው። ታይላንዳዊ ያገባች የውጭ ሴት ደግሞ ቋሚ ነዋሪነቱን ሳትጠብቅ ለዜግነት ማመልከት ትችላለች። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ በራሷ ጠያቂነት የታይላንድን ዜግነት የወሰደች ኢትዮጵያዊት የኢትዮጵያን ዜግነት ታጣለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው።