ከፍተኛ ትምህርትና ለሥራ መዘጋጀት

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ከቤታችን የዩኒቨርሲቲን ደጅ የረገጠ የለም። ዘንድሮ የ12ኛን ክፍል ፈተና ስለምፈተን፣ «ከፍተኛ ትምህርት የድኻን ልጅ ከፍ የሚያደርገው በምን መንገድ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የቤቴ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሆኖ ያገኘሁት በ1947 ዓ. ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ታሪክ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ. ኤ. አ. በ1953፣ በደንቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። አገራችንም በዚያን ጊዜ የራስዋ የሕክምና ፋኩልቲ ስላልነበራት ሐኪሞችዋ እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማሠልጠን ጀመረ።

የኮሌጁ ብልኀት በአሠለጣጠኑ ላይ ነው። ተማሪዎቹ የክፍሉን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። አንዱ በሽተኛ ሲመረምር፣ ሌላዋ እናቶችንና ሕፃናትን ስትከታተል፣ ሦስተኛው የመጠጡን ውሃና የመጸዳጃውን ጉድጓድ ይመለከታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንዲሉ፣ አብሮ መሥራትን በሥራው ላይ ተማሩት። ተመራቂው ወረቀቱን ሲቀበል ሥራውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ለድኻ ልጅ ነው። የባለጸጋ ልጅ በዘመዱ መሥሪያ ቤት ወይም ሱቅ ሥራን አይቶ ሊያድግ ይችላል፤ የሚያስጠጋው ዘመድም አያጣም። የገበሬ ልጅ ግን የቢሮንና የሆስፒታልን ሥራ የሚያይበት ሌላ ቦታ የለውምና፣ ትምህርት ቤቱ ካላሳየው ማን ያሳየዋል?

ዛሬ በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በሩ ሰፍቷል፤ ሥራ ግን እንደ ቀድሞው ተመራቂን ቆሞ አይጠብቅም። በ1996 ዓ. ም. የወጪ መጋራት ሥርዓት ስለ ተጀመረ፣ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ የሚከፍለው ዕዳ አለበት። በ2015 ዓ. ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀምሯል። ፈተናው የተማሪውን ዕውቀት ይመዝናል፤ እጁን የሚያፍታታው ግን የተግባር ልምምድ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የትምህርት ምርጫችንን ስንሞላ የሙያውን ስም ብቻ አንመልከት። «በዚህ ትምህርት የት እለማመዳለሁ? ከማን ጋር እሠራለሁ? ማንንስ እጠቅማለሁ?» ብለን እንጠይቅ። እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርትን መርጫለሁ፤ ታናናሾቼ እኔን አይተው ይከተላሉና፣ ወረቀት ይዤ ብቻ ሳይሆን ሙያ ይዤ ልመለስላቸው እሻለሁ። ወላጆችም «ልጄ ስንት አመጣ?» ከማለት ጋር «ምን መሥራት ቻለ?» ብላችሁ ብትጠይቁን ትልቅ ርዳታ ይሆነናል።