ዝርዝርን በፋይል ስለ ማስቀመጥና መልሶ ስለ ማንበብ

ባለፈው ዓመት እናቱ ያረፉበት አንድ ጓደኛችን ወደ አገሩ እንዲሄድ በማደሪያችን መዋጮ ስናሰባስብ፣ የሰጪዎቹን ስም የምትይዝ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጽፈን ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ከጀመርን ገና ሁለት ወር ያህል ስለ ሆነን፣ ስሙን በወረቀት ከመጻፍ ይልቅ በኮምፒዩተር መያዙ ትልቅ ሥልጣኔ መስሎ ታየን። ፕሮግራሟም ፋይሉም የሚኖሩት በአንድ ፍላሽ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ማታ 37 ስም ገባ። በማግሥቱ ፍላሹን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን አንድ ስም ብንጨምር፣ ፕሮግራሟ «ስሕተት አለ» ብላ ቆመች፤ ፋይሉን ከፍተን ብናይ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ገንዘቡ በእጃችን አለ፤ የሰጪው ስም ግን የለም። ለአውቶቡስ ያስቀመጠውን 50 ብር የሰጠ አንድ ተማሪ «አንተ አልከፈልክም» ሲባል የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውምና ሁለተኛ ከፈለ። ጥፋቱ የኛ መሆኑን የተረዳነው ከሳምንት በኋላ ነው። ብሩን መለስንለት፤ ፊቱን ለማየት ግን አፈርን።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በዚያ ሳምንት የተማርነውን ነው።

በፕሮግራም ውስጥ ያለ ዝርዝር የሚኖረው ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ተጻፈ ነገር ነው፤ ክፍሉ ሲያልቅ ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለግን ወደ ደብተር መገልበጥ አለብን፤ ደብተሩም ፋይል ነው። ጀማሪውን የሚያታልለው ግን እዚህ ላይ ነው። ፋይል ዝርዝር ምን እንደ ሆነ ከቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ባይት የሚባሉ፣ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ቁጥሮች በተርታ መቀመጣቸውን ብቻ ነው። አንደኛው ስም የት አልቆ ሁለተኛው የት እንደሚጀምር ካልነገርነው «አልማዝከበደጫልቱ» ብሎ አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ማስቀመጥ ማለት ዝርዝሩን ወደ ተርታ መለወጥ ሲሆን፣ መጫን ማለት ደግሞ ተርታውን ወደ ዝርዝር መመለስ ነው። ሁለቱ የፕሮግራሙ ክፍሎች በአንድ ውል ካልተስማሙ የተጻፈው አይነበብም።

የውሉ መጀመሪያ መለያ ምልክት ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለዩ እንደ ነበረ ሁሉ፣ እኛም ስምን ከስም የምንለይበት ምልክት ያስፈልገናል። ምልክቱም በራሱ በስሙ ውስጥ የማይገኝ መሆን አለበት። ክፍት ቦታን መለያ ብናደርግ የአባት ስም ያለው ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ነጠላ ሰረዝን ብንመርጥ፣ ዛሬ ይሠራና ነገ አንዱ አድራሻውን ጨምሮ ሲጽፍ ይበላሻል። ለስም ዝርዝር የሚሻለው የመስመር መጨረሻ ነው፤ ይኸውም በእያንዳንዱ መስመር አንድ ስም መጻፍ ማለት ነው። በእጅ ከፍቶ ለማየትም ይመቻል። የማስቀመጫው ክፍል እንዲህ ያለ ይሆናል፤

ፋይሉን ለመጻፍ ክፈት
በዝርዝሩ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ስም፦
    ስሙን ጻፍ
    የመስመር መጨረሻ ጻፍ
ፋይሉን ዝጋ

አራተኛው መስመር እንዳይረሳ። «ራይት» የተባለው የፓይተን ትእዛዝ የሰጡትን ብቻ ይጽፋል፤ ከራሱ መስመር አይቆርጥም። «ራይትላይንስ» የተባለውም ቢሆን፣ ስሙ «መስመሮችን ጻፍ» እያለ፣ የመስመር መጨረሻ አይጨምርም። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ስንቱን ጀማሪ እንዳሳሳተ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ስም ይፈልግለት ነበር እንላለን።

በመጫን ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። ፋይሉን መስመር በመስመር ስናነብ የመስመሩ መጨረሻ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን «አልማዝ በዝርዝሩ ውስጥ አለች ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ፕሮግራሙ የለችም ይላል። ለምን ቢባል፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለችው አልማዝ ጭራ አላት። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ካነበብን በኋላ ጭራውን መቁረጥ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ፊደል እንምጣ። ይህ በውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፍ ሲሆን፣ ለኛ ግን ዋናው ነገር ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የግእዝን ፊደል አስገብቷል፤ በዚህም መዝገብ «ሀ» ቁጥሩ 4608 ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ባይት አይገባም። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ 8 የተባለው አጻጻፍ የእንግሊዝኛውን ፊደል በ1 ባይት፣ የኛን በ3 ባይት ይጽፋል። ስለዚህ «አልማዝ» 12 ባይት ነው። የፋይላችሁ መጠን ከቆጠራችሁት ፊደል ሦስት እጥፍ ቢሆን አትደንግጡ።

በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ፓይተን ምንም ሳይነገረው ዩቲኤፍ 8ን ይወስዳል። በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ለብዙ ዓመታት ሲወስድ የቆየው ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተሠራ ሰንጠረዥ ነው፤ አሮጌ የፓይተን እትም ባለበት ዛሬም ያው ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድም የግእዝ ፊደል የለም። እኛ በመጫኛው መስመር ላይ ዩቲኤፍ 8 ብለን ጽፈን፣ በማስቀመጫው መስመር ላይ ረስተን ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሊኑክስ ስለ ነበር ጉድለቱ አልታየም። ሁለተኛው ዊንዶውስ ነበርና ገና የመጀመሪያውን ስም ሊጽፍ ሲል «ይህን ፊደል አላውቀውም» ብሎ ቆመ።

ቢቆምስ፣ የቀድሞዎቹ 37 ስሞች ለምን ጠፉ? ብዙ ያደከመን ይህ ጥያቄ ነው። ፋይል «ደብልዩ» በሚባለው መንገድ ሲከፈት፣ ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍበት፣ በመከፈቱ ብቻ የነበረበት ሁሉ ይደመሰሳል። እኛ ግን የሚደመሰሰው አዲሱ ሲጻፍበት ይመስለን ነበር። ፋይሉ ተከፈተ፣ ባዶ ሆነ፣ ፕሮግራሙም ሳይጽፍ ሞተ። «ኤ» በሚባለው መንገድ ቢከፈት የነበረው ይቆይና አዲሱ ከመጨረሻው ይቀጠላል፤ አንድ ስም ለመጨመር ይህ ይበቃል። ከዝርዝሩ መካከል ስም ለመሰረዝ ወይም ለማረም ግን ሁሉንም እንደ ገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ለዚህ መፍትሔ አለው። አዲሱን ዝርዝር በሌላ ስም ወደ አዲስ ፋይል እንጽፋለን፤ ተጽፎ አልቆ ከተዘጋ በኋላ ብቻ «ሪፕሌስ» በተባለው ትእዛዝ አዲሱ የአሮጌውን ስም እንዲይዝ እናደርጋለን። በመካከል ስሕተት ቢመጣ የሚበላሸው ግማሹ የተጻፈው አዲስ ፋይል ነው፤ አሮጌው ሳይነካ ይቆያል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ፋይሉ ገና ስለሌለ፣ ብዙዎቻችን «ስሕተት ከመጣ በባዶ ዝርዝር ጀምር» ብለን እንጽፋለን። አደገኛ ነው። ስሕተቱ የመጣው ፋይሉ ስለሌለ ሳይሆን ፊደሉ ስላልተነበበ ቢሆንስ? ፕሮግራሙ በባዶ ዝርዝር ይጀምራል፤ በመጨረሻም ያንኑ ባዶ ዝርዝር በደኅናው ፋይል ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ በባዶ መጀመር የሚፈቀደው «ፋይሉ አልተገኘም» ለሚለው ስሕተት ብቻ ነው፤ በሌላው ሁሉ ፕሮግራሙ ይቁም።

የምታስቀምጡት ጽሑፍ ራሱ ብዙ መስመር ያለው ከሆነ፣ እንደ ደብዳቤ ያለ፣ በመስመር መለየት አይሆንም። ያን ጊዜ ጄሰን የተባለውን አጻጻፍ ተጠቀሙ፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ በጥቅስ ምልክት ከቦ፣ በውስጡ ያለውን የመስመር መጨረሻ በሌላ ምልክት ይተካል። በፓይተን ግን ካልከለከላችሁት የግእዙን ፊደል ወደ ቁጥር ለውጦ ይጽፋል፤ ተመልሶ ሲጫን ደኅና ነው፣ በዓይን ግን አይነበብም።

ፕሮግራማችሁን ለሰው ገንዘብ ወይም ለሰው ስም ከማዋላችሁ በፊት አራት ዝርዝሮችን አስቀምጣችሁ፣ ዘግታችሁ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ጫኗቸው፦ ባዶ ዝርዝር፣ አንድ ስም ብቻ ያለበት፣ የአባት ስም ያለበት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት። የእኛይቱ ፕሮግራም በባዶው ዝርዝር ላይ ዳግመኛ ወድቃለች፤ ሙሉውን ጽሑፍ በመስመር መጨረሻ ስለ ቆረጥን፣ ከባዶ ፋይል ስም የሌለው አንድ ሰው ቆጥራ አወጣችልን።