ከብዙዎቹ አንዱ፦ በታዳጊ ሴሬቤለም ውስጥ የነርቭ ግንኙነቶች ምርጫ

የአንጎል ዕድገት ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የአዳዲስ ሕዋሳት መፈጠርና የአዳዲስ ግንኙነቶች መዘርጋት ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ሙሉው እውነት ግን አይደለም። አንጎል በመጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ግንኙነት ይፈጥርና ትርፉን በኋላ ያስወግዳል፤ የሚበስለውም በሁለቱ ሥራዎች ነው። በዚህ ጽሑፍ የማስወገዱ ሂደት በሰፊው የተጠናበትን የአንጎል ክፍል፣ ሴሬቤለምን፣ በምሳሌነት ወስደን እንመለከታለን።

ሴሬቤለምና ዋና ሕዋሱ

ሴሬቤለም ወይም ትንሹ አንጎል የሚገኘው ከራስ ቅል በስተኋላ፣ ከዋናው አንጎል ሥር ነው። ክብደቱ ከጠቅላላው አንጎል አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት መካከል 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት በእርሱ ውስጥ ነው። ሰውነታችን ሚዛኑን ጠብቆ እንዲራመድ፣ የዘረጋነው እጅም ከሚፈለገው ቦታ ሳያልፍና ሳያጥር እንዲደርስ የሴሬቤለም ሥራ አስፈላጊ ነው።

የክፍሉ ዋነኛ ሕዋስ የፑርኪንዬ ሕዋስ ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1837 ስለ ሕዋሱ ገለጻ ካቀረበው ከቼኩ ሳይንቲስት ከያን ፑርኪንዬ ነው። ከሴሬቤለም ቅርፊት መልእክት ወደ ውጭ የሚወጣው በዚህ ሕዋስ በኩል ስለሆነ፣ ወደ ሕዋሱ የሚገባው መልእክት ጥራት ወሳኝ ነው። ሕዋሱን የሚያነቃቁት ክሮች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ግራንዩል ከሚባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት የሚነሡት ትይዩ ክሮች ናቸው። ወደ አንድ የፑርኪንዬ ሕዋስ የሚደርሱት ትይዩ ክሮች ከ100,000 ይበልጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ግን ደካማ ነው። ሁለተኞቹ የሚመጡት በአንጎል ግንድ ውስጥ ኢንፌሪየር ኦሊቭ ከሚባለው ስፍራ ነው። እነዚህ በሕዋሱ ቅርንጫፎች ላይ እየተጠመጠሙ ስለሚወጡ በዚህ ጽሑፍ የሐረግ ክሮች እንላቸዋለን። በአዋቂ እንስሳ አንድ የፑርኪንዬ ሕዋስ የሚደርሰው አንድ የሐረግ ክር ብቻ ነው። ሆኖም ይህ አንድ ክር እጅግ ብዙ ሲናፕሶች ስላሉት መልእክት በላከ ቁጥር ከሕዋሱ ጠንካራ ምላሽ ያገኛል።

የክሮቹ ብዛት እንዴት ታወቀ?

በጨቅላ እንስሳ ሁኔታው የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ክሬፔልና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ባደረጉት ጥናት፣ በጨቅላ አይጥ ውስጥ ወደ አንድ የፑርኪንዬ ሕዋስ የሚገቡት የሐረግ ክሮች ብዙ መሆናቸውን አሳዩ። ዘዴው ክሮቹን በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ የሕዋሱን ምላሽ መለካት ነው። በአዋቂ እንስሳ ምላሹ ወይ ሙሉ ይሆናል፣ ወይም ከናካቴው አይኖርም። በጨቅላው ግን የቀስቃሹ ጉልበት ሲጨመር ምላሹ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ተጨማሪ ክር ወደ ሥራ መግባቱን ስለሚያመለክት፣ ደረጃዎቹን መቁጠር ክሮቹን እንደ መቁጠር ነው።

ውድድሩ

በትንሿ የቤተ ሙከራ አይጥ ሂደቱ በቀናት ተለይቶ ታውቋል። እንደ ተወለደች በሕዋሱ አካል ላይ የሰፈሩት ክሮች ጉልበታቸው ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያበቃ አንዱ ከሌሎቹ በርትቶ ይታያል። በ9ኛው ቀን ገደማ ይኸው የበረታው ክር ወደ ሕዋሱ ቅርንጫፎች መውጣት ይጀምራል፤ የተሸነፉት በሕዋሱ አካል ላይ ይቀራሉ። ከ7ኛው እስከ 11ኛው ቀን የመጀመሪያው ዙር፣ ከ12ኛው እስከ 17ኛው ቀን ደግሞ ሁለተኛው ዙር የማስወገድ ሥራ ይካሄዳል። ሦስተኛው ሳምንት ሲጠናቀቅ አብዛኞቹ የፑርኪንዬ ሕዋሳት በአንድ አንድ ክር ብቻ ይቀራሉ። እዚህ ላይ የሚወገደው ግንኙነቱ እንጂ ክሩን የላከው ሕዋስ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ዳኛው ማን ነው?

ገበሬ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ በቆሎውን ሲያሳሳ የትኛው ቡቃያ እንደሚቀር የሚወስነው ራሱ ነው። በሴሬቤለም ግን ከውጭ ሆኖ የሚመርጥ እጅ የለም። ምርጫው የሚካሄደው በክሮቹና በፑርኪንዬው ሕዋስ መካከል በሚደረግ የመልእክት ልውውጥ ነው። ክሮቹ መልእክት ሲልኩ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ባሉ በሮች በኩል ካልሲየም ይገባል፤ ይህም ለአንዱ ክር መበርታትና ለሌሎቹ መዳከም መነሻ ይሆናል።

በሁለተኛው ዙር ትይዩ ክሮችም ይሳተፋሉ። ከእነርሱ የሚለቀቀው ግሉታሜት ኤም-ግሉ-አር 1 የተባለውን ተቀባይ ያነቃቃል፤ በዚህም ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ጋማ የተባለው ኤንዛይም የሚገኝበት የመልእክት ሰንሰለት በሕዋሱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ደግሞ የፑርኪንዬው ሕዋስ ራሱ ወደ ክሮቹ መልሶ የሚልካቸውን ሁለት ፕሮቲኖች አመለከተ፤ ሴማፎሪን 3ኤ ክሮቹን ያጸናል፣ ሴማፎሪን 7ኤ ግን እንዲወገዱ ያግዛል።

ምርጫው ባይካሄድስ?

እ.ኤ.አ. በ1995 ማሳኖቡ ካኖ፣ ሱሱሙ ቶኔጋዋና ባልደረቦቻቸው የተጠቀሰው ኤንዛይም የሌላቸውን አይጦች መርምረው፣ ትርፍ የሐረግ ክሮች እስከ አዋቂነት መቆየታቸውንና የአይጦቹ እንቅስቃሴ ቅንጅት መጓደሉን አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሌላ ጥናት፣ የግሉታሜት ተቀባዩ ለጎደላቸው አይጦች ተቀባዩ በፑርኪንዬ ሕዋሳት ብቻ ተመልሶ ሲሰጣቸው ትርፍ ክሮቹ ተወገዱ፤ የእንቅስቃሴ ቅንጅታቸውም ተመለሰ። ይኸው ተቀባይ ሌሎች ተግባራትም ስላሉት የመንገዳገዱን ምክንያት በሙሉ በትርፍ ክሮቹ ላይ ብቻ ማሳበብ ግን አይገባም።

ጊዜውም የራሱ ገደብ አለው። በዚያው ዓመት የወጣ የአይጥ ጥናት እንዳመለከተው፣ ኤን-ኤም-ዲ-ኤ የተባሉት ተቀባዮች ከተወለዱ በኋላ በ15ኛውና በ16ኛው ቀን ብቻ ቢታገዱ የማስወገዱ ሂደት ይሰናከላል። በዕድገት ዘመን ሁለት ቀናት ይህን ያህል ክብደት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው።

አንድ ክር ለምን?

ዴቪድ ማር እ.ኤ.አ. በ1969፣ ጄምስ አልበስ ደግሞ በ1971 ባቀረቧቸው ንድፈ ሐሳቦች መሠረት የሐረግ ክር ለፑርኪንዬ ሕዋስ እንደ አስተማሪ ነው። እንቅስቃሴ ሲሳሳት ያመለክታል፤ በዚህም የትይዩ ክሮች ጉልበት እንዲስተካከል ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ማሳኦ ኢቶና ባልደረቦቹ ሁለቱ ክሮች አብረው ሲነቃቁ የትይዩ ክሮች ሲናፕስ ለረጅም ጊዜ እንደሚዳከም በማሳየት ሐሳቡን አጠናከሩ። በዚህ አመለካከት አንድን ተማሪ በአንድ ጊዜ ብዙ አስተማሪዎች በየፊናቸው ቢያርሙት የትኛውን ስሕተት ማስተካከል እንዳለበት ይቸግረዋል።

ለማጠቃለል፣ በታዳጊ አንጎል የሚታየው ትርፍ ግንኙነት ብክነት አይደለም፤ የነርቭ ሥርዓቱ በሥራ ፈትኖ የሚመርጥበት ክምችት ነው። ምርጫው ሳይጠናቀቅ ሲቀር ትርፉ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ የአንጎልን ጉድለት ስንመረምር የጎደለውን ብቻ ሳይሆን፣ በወቅቱ መወገድ ሲገባው የቀረውንም መፈለግ ይኖርብናል።