የባስ ጊታርና የበገና አያያዝ

የኤሌክትሪክ ባስ ጊታርን እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ነው። አራቱ አውታሮች ብረት ስለ ሆኑ፥ ከሥራቸው ያለው ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሲገዙት አንገቱ አለመጕበጡን መመልከት፥ ከተጫወቱም በኋላ አውታሩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይገባል፤ ላብ ብረትን ያዝጋልና።

የአባቶቻችን በገና አሥር አውታሮች ግን በልማድ ከበግ አንጀት የሚፈተሉ ስለ ሆኑ ማግኔት አይቀበላቸውም። ስለዚህ በገናውን በኤሌክትሪክ ለማጕላት የሚሻ ወጣት አውታሩን በብረት አይለውጥ። ነዛሪው ድምፅ የሚገኘው የአንጀቱ አውታር በበርኩማው ላይ ካለችው ቍራጭ ቆዳ ጋር ሲነካካ ነውና። ይልቁንም የገበቴውን ንዝረት የሚቀበል መሣሪያ ይለጥፍበት። አውታሩን ከእርጥበት፥ የገበቴውን ቆዳ ከምድጃ ዳር ያርቅ።

እንግዲህ የሰቆጣ ተማሪዎች ሆይ፥ አዲሱን ስንማር የቀድሞውን እንዳናበላሽ እንጠንቀቅ።