የራስ ፈረስና የሰው ፈረስ

ኢንጅባራ፤ የጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን። ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር ለፈረሳቸው ገለባ አቅርበው ጀርባውን እያሻሹ ነው። ወጣቱ የጠዋት ሩጫውን ጨርሶ ላቡ ሳይደርቅ ደረሰ።

ወጣት፦ እንዴት አደሩ፣ አባባ?

አዛውንት፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደርክ ልጄ? ዛሬም ሮጥክ?

ወጣት፦ ሮጥኩ። ልቤ ግን ሌላ ነገር ላይ ነው። ክብደቴ 52 ኪሎ ነው። በውጭ አገር እንደ እኔ ቀላል የሆኑ ሰዎች ፈረስ እየጋለቡ ኑሯቸውን ይመራሉ፤ ጆኪ ይባላሉ። እኛ ጋ ከ60 ሺህ በላይ አባላት ያሉት የፈረሰኞች ማኅበር እያለ፣ ግልቢያን እንጀራው ያደረገ ሰው ለምን አላየሁም?

አዛውንት፦ በበዓሉ ቀን ሜዳው ላይ ያየሃቸው ፈረሶች የማን ነበሩ?

ወጣት፦ የየባለቤታቸው።

አዛውንት፦ የሚጋልቡትስ?

ወጣት፦ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸዋ።

አዛውንት፦ መልሱ እሱ ነው። ጆኪ የሰው ፈረስ ጋላቢ ነው። ባለሀብቱ ፈረስ ይገዛል፤ አሠልጣኙ ያዘጋጀዋል፤ ጆኪው በውድድሩ ሰዓት ይወጣበታል። ለጋለበበት ይከፈለዋል፤ ሲያሸንፍ ደግሞ ከሽልማቱ 10 በመቶ ገደማ ይደርሰዋል። በአንድ ቀን አምስት ስድስት ፈረስ ሊቀያይር ይችላል፤ ማታ ገለባ የሚያቀርብላቸው ግን ሌላ ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ፈረስና ሰው አይነጣጠሉም። አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻም አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት በአድዋ ለዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ እንዲሆን ተብሎ ነው። ያኔ ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ እኛም የምንሰበሰበው በጥር 23 ነው። አባል ሲሞት በፈረስ ይሸኛል፤ ልጅ ሲዳር በፈረስ ይታጀባል፤ ሰው ሲጣላ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ። ለዚህ ሁሉ ማን ለማን ይከፍላል?

ወጣት፦ ይገባኛል። እኔ ግን ፈረስ የለኝም። ያለኝ እግሬ ብቻ ነው።

አዛውንት፦ እግርህ ቀላል ነገር አይደለም። ጆኪ ሽምጥ ሲጋልብ ኮርቻው ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም። እርካቡን አሳጥሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከፈረሱ ጀርባ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሰውነቱ የፈረሱን እርምጃ ካልተከተለ ክብደቱ ፈረሱን ይደበድበዋል። እስኪ ጉልበትህን አጥፈህ ሁለት ደቂቃ ቁም፤ ጭንህ ይነግርሃል። እንግሊዛዊቷ ቪክቶሪያ ፔንድልተን በብስክሌት ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘች በኋላ ነው ግልቢያ የተማረችው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቼልተንሃም በሚባለው ሜዳ መሰናክል እየዘለለች 5ኛ ወጣች፤ ያውም ገና ጀማሪ ሳለች። የአትሌት ጉልበት ወደ ፈረስ ይሻገራል ማለት ነው።

ወጣት፦ ክብደቴስ?

አዛውንት፦ አሁን ጥሩ ነው። በአሜሪካ ታላቁ የኬንታኪ ውድድር ላይ ወንድ ፈረስ ጋላቢውን ከነኮርቻው 57 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ያን ውድድር በመጀመሪያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1875፣ ያሸነፈው ጥቁር ጋላቢ መሆኑን ታውቃለህ? ከእሱ በኋላ አይዛክ መርፊ የሚባል ጥቁር ሰው በ1884፣ በ1890 እና በ1891 ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ግን ክብደቱን ለመቀነስ በየዓመቱ ራሱን ያስርብ ነበር፤ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው በሳንባ ምች ሞተ። ስለዚህ ማንም ቢሆን «አትብላ» ቢልህ እንዳትሰማው።

ወጣት፦ እዚሁ አገር ውስጥ መንገድ የለም?

አዛውንት፦ በአገር አቋራጭ ሩጫ የሚታወቀው የአዲስ አበባው ጃንሜዳ በንጉሡ ዘመን የፈረስ እሽቅድድም ሜዳም ነበር። አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው የተለካ ሜዳ፣ ዳኛ፣ የእንስሳት ሐኪምና ፈረሱን ለሰው አምኖ የሚሰጥ ባለቤት ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ግን ከዚህ የቀደመ ነገር ነው።

ወጣት፦ ምን?

አዛውንት፦ ግጦሽ። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሂድና እይ፤ ኮረብታው ሁሉ ለከሰል ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተተክሎበታል። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው ዛፉ ነው። ፈረሱ የሚግጥበት መስክ ግን ጠበበ። እዚህ ደጋ ላይ ያ በበዓል ግላስ ለብሶ ያየኸው ፈረስ በሌላው ቀን ሞፈር ይጎትታል። መኖ ካጣ ማረሱንም ጉግሱንም ያቆማል። ከፈረስ በፊት ጆኪ ከየት ይመጣል?

ወጣት፦ እሺ... ዛሬ ፈረስዎ ላይ ልውጣ?

አዛውንት፦ አትወጣበትም። ወንዝ ወስደህ አጠጣው፤ በእግርህ።

ወጣት፦ ልጓሙን ላድርግለት?

አዛውንት፦ ተወው፤ ገመዱ ይበቃዋል። በግራው በኩል ሆነህ ሂድ፤ ሲቆም ቁም፣ አትጎትተው።